ባንኮክ ለምትሄዱ ጥቆማ፦ አርብ ከሰዓት አምፋዋ ግቡ፣ እዚያው እደሩ

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ የሚሄድ ሐበሻ ብዙ ነው። አብዛኛው ከሆስፒታል ሆቴል፣ ከሆቴል ፕራቱናም ገበያ ሲመላለስ ቆይቶ ይመለሳል። የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ወይም ዕቃ እስኪጫን ግን አንድ ሁለት ቀን መትረፉ አይቀርም። ያኔ ሁሌም የሚመጣው ጥያቄ “ጀልባ ላይ የሚሸጥበት ገበያ የቱ ይሻላል?” የሚል ነው። የኔ መልስ አምፋዋ ነው። መቼና እንዴት እንደምትሄዱ ግን ከቦታው እኩል ወሳኝ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አምፋዋ ከባንኮክ በስተደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ያለችው ሳሙት ሶንግክራም በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። በመሃሏ ወደ ሜ ክሎንግ ወንዝ የሚገባ ቦይ ያልፋል። በቦዩ ግራና ቀኝ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል፤ ፊታቸው ሱቅ፣ ጓዳቸው መኖሪያ። መኪና መንገድ ሲስፋፋ የጀልባው ንግድ ተዳክሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ማዘጋጃ ቤቱና ነዋሪው ገበያውን መልሰው አስነሱት። አሁን አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ተነስቶ እስከ ማታ ይቆያል። የቦዩ ሰፈር የተጠበቀበት መንገድ በ2008 በዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት ላይ እውቅና አግኝቷል።

ከሌሎቹ ገበያዎች ጋር ላወዳድረው።

በጣም ስመ ጥሩው ዳምኖን ሳዱዋክ ነው። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች በጀልባ ፍራፍሬ የሚሸጡበት። በየቀኑ ጠዋት አለ። የሚገኘው በጎረቤቱ ራቻቡሪ ክፍለ ሀገር ሲሆን ቦዩ በ1860ዎቹ በንጉሥ ራማ 4ኛ ዘመን የተቆፈረ ነው። 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ሜ ክሎንግንና ታ ቺንን፣ ሁለት ትልልቅ ወንዞችን ያገናኛል። ታሪኩ ያስከብራል። ገበያው ግን ዛሬ በአብዛኛው ለቱሪስት የቆመ ነው። ዝሆን የተሳለበት ሱሪና ማግኔት ከምግቡ ይበዛል። ከዋናው ገበያ ርቀው ያሉ የግል የጀልባ ማቆሚያዎችም አሉ፤ ባለታክሲው እዚያ ካወረዳችሁ ለአንድ ሰዓት ጉዞ ከ1000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጊዜያችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ከሆነ ሂዱ። ያኔም ማልዳችሁ ሂዱ፤ ረፋድ ላይ አውቶቡሶቹ ከመጡ በኋላ ጀልባ ከጀልባ ይጋጫል።

ታ ካ የሚባለው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትንሽ ነው፣ ጠዋት ብቻ ነው፣ ገዢውም ሻጩም በብዛት ያገሩ ሰው ነው። አምፋዋ ያደረ ሰው ቅዳሜ ማለዳ ቢሄድበት ደስ ይለዋል። ከባንኮክ ለሱ ብቻ ብላችሁ ተነሱ ግን አልላችሁም።

ሦስተኛው በቪዲዮ ሁሉም ያየው፣ ሜ ክሎንግ ከተማ ያለው የባቡር ገበያ ነው። ታይላንዶች “ታላት ሮም ሁፕ” ይሉታል፣ ጥላው የሚታጠፍበት ገበያ። አትክልቱና ዓሣው ሐዲዱ ላይ ተዘርግቷል። ባቡሩ ሲመጣ ነጋዴዎቹ ሸራውን ያጥፋሉ፣ በጎማ እግር ላይ ያለውን መደብ ወደ ኋላ ይስባሉ። ባቡሩ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ወዲያው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለቱሪስት የተፈጠረ ትርኢት አይደለም። መስመሩ ከ1905 አካባቢ ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰዎቹም በየቀኑ ሽንኩርትና ዓሣ የሚሸጡ እውነተኛ ነጋዴዎች ናቸው። ባቡሩ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡30፣ ረፋድ 5፡10፣ ከሰዓት 8፡30 እና አመሻሽ 11፡40 ገደማ ነው (በእነሱ ሰዓት 8፡30፣ 11፡10፣ 14፡30 እና 17፡40)። አልፎ አልፎ ይዘገያል፤ ሰዓቱም ሊቀየር ስለሚችል ጣቢያው ላይ አረጋግጡ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ። ባቡሩ በጣም ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፣ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ጀርባውን አያይም።

ከሜ ክሎንግ አምፋዋ ቅርብ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። ሶንግቴው የሚባለው፣ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ፒክአፕ በትንሽ ሳንቲም ያደርሳችኋል።

ከባንኮክ እንዴት ይኬዳል? ቀላሉ ሚኒባስ ነው። ሳይ ታይ ማይ ከሚባለው የደቡብ አውቶቡስ ተራ ይነሳል፤ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሻንጣ ከበዛባችሁ ለዕቃው ሌላ ወንበር ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ትልቁን ሻንጣ ባንኮክ ሆቴሉ ጋ ተዉት።

ጊዜ ላለውና ጤናው ለፈቀደለት ሰው ግን ባቡሩን አጥብቄ እመክራለሁ። ባንኮክ ውስጥ ከዎንግዊያን ያይ ጣቢያ ተነስታችሁ ማሃቻይ ትደርሳላችሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ሐዲዱ ያልቃል። ከጣቢያው ወጥታችሁ በዓሣ ገበያው ውስጥ ትሄዱና የታ ቺንን ወንዝ በሕዝብ ጀልባ ትሻገራላችሁ። ማዶ ባን ሌም ከሚባል ትንሽ ጣቢያ ሁለተኛውን ባቡር ይዛችሁ ሌላ አንድ ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ በዚያው በታወቀው ገበያ መሃል አልፋችሁ ሜ ክሎንግ ትገባላችሁ። ሰው ሁሉ ከውጭ በሚቀርጸው ባቡር ውስጥ ሆናችሁ እናንተ ገበያውን ታዩታላችሁ። የእያንዳንዱ ባቡር ቲኬት 10 ባህት አካባቢ ነው። መንገድ ላይ የጨው ማሳዎች ይታያሉ። በበጋ ወራት ሰዎች ነጩን ጨው በክምር በክምር ሲሰበስቡ ታያላችሁ። ችግሩ፣ ሁለተኛው መስመር በቀን አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱ ካመለጣችሁ ረጅም ጥበቃ ነው።

አዛውንት እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ ሁለቱንም ተዉና መኪና ተከራዩ። ለአራት ሰው ስትካፈሉት ዋጋው አይጎዳም፣ ለእነሱም እረፍት ነው። ሌላም አስቡ፦ የአምፋዋ የቦይ ዳር መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ወደ ውኃው የሚወርደው ደረጃም ያዳልጣል። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ቅዳሜ ማታ ጨርሶ አይመችም። አርብ ይሻላል።

ሆቴሎች የሚሸጡትን የግማሽ ቀን ጥቅል ጉዞ ብዙ ሰው ይገዛል። በአንድ ጠዋት ዳምኖን ሳዱዋክንና የባቡር ገበያውን አሳይቶ ለምሳ ባንኮክ ይመልሳችኋል። ርካሽ ነው፣ አያደክምም። ግን አምፋዋ የምትነቃው እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። ማታ እንኳ ብትሄዱ፣ ወደ ባንኮክ የሚመለሰው ሚኒባስ በጊዜ ስለሚያልቅ ሰዓት እያያችሁ ነው የምትበሉት። ለዚህ ነው እደሩ የምለው።

ማደሪያው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቦዩ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ የሚያከራየው። ፍራሹ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል፣ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ሳልም ይሰማል። ያም ሆኖ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት አካባቢ መነኮሳት ትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋሉ፣ ሰዉም ቦዩ ዳር ተንበርክኮ ሩዝና ምግብ ይሰጣቸዋል። ካደራችሁበት ደረጃ ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከባንኮክ በጠዋት የሚመጣ ሰው አይደርስበትም። መስጠት ከፈለጋችሁም የቤቱ ባለቤት ታዘጋጅላችኋለች። ሴቶች መነኩሴውን እንዳትነኩ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ምግቡን ጎድጓዳው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከቦዩ ወጣ ብሎ ፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ያሉ ማረፊያዎች ናቸው፤ ጸጥታ ለሚፈልግና ልጅ ላለው ይመቻሉ። ሦስተኛው ሜ ክሎንግ ከተማ ያለ ተራ ሆቴል ነው፤ አልጋውና መታጠቢያው ይሻላል፣ ማታው ግን ባዶ ነው። የቱንም ብትመርጡ አርብ ከቅዳሜ ረከስ ይላል፣ ክፍልም ይገኛል። የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ።

አሁን ወደ ምግቡ። ለኔ አምፋዋ ማለት ምግቡ ነው። ሻጮቹ ጀልባቸው ውስጥ ከሰል አንድደው ትልልቅ የወንዝ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድና ዛጎል ያለው የባሕር ምግብ ይጠብሳሉ። እናንተ ደረጃው ላይ ዝቅተኛ መቀመጫ ይዛችሁ ታዛላችሁ፣ እነሱ ከጀልባው ያቀብሏችኋል። ማጥለቂያው ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የዓሣ መረቅና አረንጓዴ ቃሪያ ነው። ሚጥሚጣ የለመደ አፍ እንኳ ይደነግጣል። “ማይ ፔት” በሉ፣ “አያቃጥል” ማለት ነው። ሽሪምፑ ከሁሉ ውዱ ስለሆነ ሳይጠበስ ዋጋ ጠይቁ፤ በመጠን ይለያያል። ስኩዊዱና በእንቁላል የሚጠበሰው ዛጎል ርካሽም ጣፋጭም ነው። ከዚያ በኮኮናት ወተትና በሩዝ ዱቄት በትንንሽ ጉድጓድ ምጣድ የሚጋገረውን ካኖም ክሮክ ትኩሱን ብሉ። ቡናቸው በጨርቅ ማጥለያ የሚጠለልና የጣፋጭ ወተት ጎርፍ የሚወርድበት ነው። ኦሊያንግ የሚባለው ጥቁሩ ደግሞ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ጋር የተቆላ ስለሆነ የኛን ቡና ጣዕም አትጠብቁበት፣ በበረዶ ግን ሙቀቱን ያስታግሳል።

ጾም ላይ ለሆናችሁ፦ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ካያችሁ “ጄ” ይባላል፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለበትም። ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ያለዚያ ምልክት “አትክልት ብቻ” ቢሏችሁም የዓሣ መረቅ ወይም የሽሪምፕ ድልህ መግባቱ አይቀርም። ሙስሊም ወገኖች ደግሞ የሐላል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ አንዱ መጥበሻ ለአሳማም ለስኩዊድም ሊያገለግል ስለሚችል ጠይቃችሁ ግቡ።

ማታ አብሪ ትል ለማየት በጀልባ ይወጣል። ላምፉ በሚባሉት የወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ይሰፍሩና በአንድ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከሌሎች ጋር የሚጋሩት ጀልባ ለአንድ ሰው ከ60 ባህት ይጀምራል። እዚህ ላይ እባካችሁ ምረጡ። የሞተሩ ድምፅ እንቅልፍ የነሳቸው ነዋሪዎች ደጃቸው ያለውን ዛፍ እስከ መቁረጥ የደረሱበት ጊዜ ነበር። ዛፉ ከሌለ አብሪ ትሉም የለም። ስለዚህ በቀዘፋ የሚሄድ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ያዙ፤ ካልሆነ ዛፉ ጋ ሲደርስ ሞተር የሚያጠፋውን ጠይቁ። ፍላሽ አታብሩ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊትና በክረምቱ ወራት ይበልጥ ይታያሉ።

ቀን ከተረፋችሁ ዋት ባንግ ኩንግን እዩ፣ የዛፍ ሥር ሙሉ በሙሉ የዋጠው ትንሽ የቡድሃ መቅደስ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስላለበት ነጠላ መያዝ ይጠቅማል። የንጉሥ ራማ 2ኛ መታሰቢያ መናፈሻም እዚያው አምፋዋ ነው፤ ንጉሡ በ1767 የተወለዱት እዚህ ነው።

ምን ይገዛ? የኮኮናት ስኳር አንደኛ ነው። ከኮኮናቱ አበባ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በትልቅ ብረት ምጣድ ተፈልቶ የሚሠራ ነው። ተራ ስኳር የተቀላቀለበት ስለሚበዛ ንጹሑን ጠይቁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለስለስ ያለና በሙቀት የሚቀልጥ ነው። በትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት አንገቱን ሰብሮ የተደረደረው ፕላ ቱ የሚባለው ዓሣ የሜ ክሎንግ ኩራት ነው፣ ግን እዚያው ብሉት፤ ሽታው ለአውሮፕላን አይሆንም። ቤንጃሮንግ የሚባለው በእጅ የተሣለ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሸክላ ውድ ነው። ለቡና ጠጪ ቤት ትንንሾቹ ስኒዎች ጥሩ ስጦታ ናቸው። በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም።

የ20 እና የ100 ባህት ዝርዝር ኖቶች ይኑሯችሁ። ብዙ ሻጭ በስልክ ነው የሚቀበለው፣ ያ ደግሞ የታይላንድ ባንክ ሂሳብ ይፈልጋል። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለምትጠየቁ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩት።

አርብ ገብታችሁ ቅዳሜ ረፋድ 5፡10 የሚገባውን ባቡር ሜ ክሎንግ ላይ አይታችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ሰኞ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው እሑድ ማታን ለመመለሻ አይምረጥ። ራማ 2 የሚባለው መንገድ ያኔ በመኪና ይታፈናል።