ጃፓን ውስጥ ሥራ ላይ ተጎዳሁ፣ አሠሪዬ ግን አልፈርምም አለ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ያለበት ሰፈር። የሥራ ፈቃድ አለኝ። ባለፈው ወር ፋብሪካ ውስጥ የብረት መቁረጫው ማሽን የቀኝ እጄን ሌባ ጣት ጨፈለቀው። ጥፍሩ ተነቅሏል፣ አጥንቱ ተሰንጥቋል። እስካሁን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አልችልም።

ክሊኒክ የወሰደኝ አለቃዬ ነው። ሐኪሙን በጃፓንኛ ያናገረውም እሱ። ኋላ ጓደኛዬ ወረቀቱን ሲያነብልኝ «ቤት ውስጥ የደረሰ ጉዳት» ይላል! በጣም ነው ያንገበገበኝ።

ሮሳይ የሚባለው የሥራ ጉዳት መድን የውጭ ዜጋንም ይሸፍናል። ሕክምናውን ይከፍላል፤ ከሥራ ከቀሩበት 4ኛ ቀን ጀምሮም ከአማካይ የቀን ደሞዝ 80 በመቶ ያህል ይሰጣል። የሕክምናውን 5 ቁጥርና የደሞዝ ማካካሻውን 8 ቁጥር የሮሳይ ማመልከቻ ፎርሞች ይዤ ብሄድ አለቃዬ አልፈርምም ብሎ ድርቅ አለ። የሠራተኛ ጉዳይ ቁጥጥር ቢሮው ግን ምክንያቱን ጽፌ ካያያዝኩ ያለ እሱ ፊርማም ይቀበላል።

በእጄ ያለው የደሞዝ ወረቀት፣ የዚያን ዕለት የጣቴ ፎቶ እና አለቃዬ LINE በሚባለው የስልክ መልእክት መላኪያ የላከው «ነገ አትምጣ» የሚል መልእክት ነው። አጠገቤ የነበረው ቬትናማዊ መመስከር ፈርቷል። ቪዛው ከሥራው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አልፈርድበትም።

በዚህ ያለፋችሁ፣ የክሊኒኩ መዝገብ «ቤት» እያለ ጉዳቱ ሥራ ላይ መድረሱን በምን አስረዳችሁ?