ለወረዳው የምናቀርበው የአፕል በሽታ መከላከያ ሐሳብ፦ ረቂቁን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ባጭሩ ይህ ነው፦ በጨንቻ ዙሪያ ላሉት 300 የአባላት ዛፎች ማንኮዜብ የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በጅምላ ተገዝቶ በየ15 ቀኑ ይረጫል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦ ሰብሳቢያችን፣ በዚህ መልክ ባይሄድ ይሻላል። ማንኮዜብ ለእከክ፣ ማለትም ለጥቁሩ ነጠብጣብ በሽታ እንጂ ለአመዳይ፣ ማለትም ለነጩ ዱቄት በሽታ አይሠራም። ዓመቱን ሙሉ ብንረጭ አመዳዩ ንቅንቅ አይልም፤ ብሩ ግን ያልቃል። መጀመሪያ የትኛው ዛፍ ምን እንደያዘው ይለይ።

አባል፣ ዶርዜ፦ እንዴት እንለየው? ሁሉም ነጭ ወይ ጥቁር ነው።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦ አመዳይ የሚጀምረው ከለጋ ቀንበጥ ጫፍ ነው። ቅጠሉ ይጠባል፣ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እከክ ደግሞ ቅጠል ላይ የወይራ ቀለም ያለው፣ ከፋይ የሚመስል ነጠብጣብ ሆኖ ወጥቶ በኋላ ይጠቁራል። ፍሬ ላይ ሲወጣ የታመመው ቆዳ አብሮ ስለማያድግ ይሰነጠቃል።

አባል፣ ዶርዜ፦ እኛ ጋ ግን ግንዱ ላይ፣ የተገረዘበት ቁስል ዙሪያ ነው ነጩ። ጥጥ ይመስላል።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦ በጣትዎ ይጨፍልቁት። ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ከወጣው ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ ነው፣ ፈንገስ አይደለም። በብሩሽና በሳሙና ውሃ ይታሻል። የዱቄት ሳሙና አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ረቂቁ ከመድኃኒት በፊት መቀስ ይጠይቅ። አመዳይ የሚከርመው እምቡጥ ውስጥ ነው፤ መርጫ እዚያ አይደርስም። ነጭ የሆነው ቀንበጥ ከታመመው ክፍል ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ወርዶ ይቆረጥ፣ ቀጥታ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ ይቃጠል። እየቆረጡ መሬት ላይ መጣል ዱቄቱን ለጎረቤት ቅጠል ማራገፍ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ይገረዝ፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲታለፍ መቀሱ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። በረኪናም ይሠራል፣ ግን ብረቱን ያዝገዋል።

እከኩ የሚከርመው በወደቀ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠል ስናረግፍ እዚያው ከዛፉ ሥር እየተውነው በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይነሳብናል። ተጠርጎ ይቀበር፤ ተጠርጎ የማያልቀው ላይ በ10 ሊትር ውሃ 500 ግራም ዩሪያ ይረጭበት፣ ቶሎ ይበሰብሳል።

ሒሳብ ያዥ፦ ታዲያ ምንም አይገዛም ማለት ነው?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ ይገዛል፣ ግን በልክ። ለአመዳዩ 80 በመቶ የሚረጥብ (በውሃ የሚበጠበጥ) ድኝ፣ በ10 ሊትር 30 ግራም፤ የማሸጊያው መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይከበር። ለአንድ ዛፍ 2.5 ሊትር ብንይዝ ለ300 ዛፍ 750 ሊትር ውሃ፣ በአንድ ዙር 2.25 ኪሎ ድኝ ይሆናል። ጠዋት ይረጭ። የዘይት መድኃኒት ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ድኝ አይነካም፣ ቅጠል ይጠብሳል።

ለእከክና ለግንድ ቁስል ቦርዶ የተባለውን የመዳብና የኖራ ድብልቅ ራሳችን እናዘጋጅ፦ ለ10 ሊትር 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ 100 ግራም የጠፋ ኖራ። በፕላስቲክ ባልዲ ለየብቻ ይሟሟሉ፤ ከዚያ መዳቡ ወደ ኖራው ይፈሳል፣ ኖራው ወደ መዳቡ አይፈስም። ንጹሕ ምስማር ሲነከርበት መዳብ ከያዘ ኖራ ይጨመር። በተዘጋጀበት ዕለት ተረጭቶ ይለቅ። የሚረጨው ቅጠል ከረገፈ በኋላ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ነው፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ቆዳውን ያሻክራል፣ ገበያ ላይ ይጥላል።

ጸሐፊ፦ ስለዚህ «በየ15 ቀኑ» የሚለው ይውጣ?

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦ ይውጣ። በዛፉ ደረጃ ይጻፍ፦ ቅጠል ሲረግፍ፣ እምቡጥ ሲያብጥ፣ አበባ ሲረግፍ። አንድ ነገር ይጨመርልኝ፦ ኤምኤም 106 በተባለው የሥር ግንድ ላይ የተዳቀሉ ችግኞች ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይተከሉ፣ መጋጠሚያውም ከአፈር 10 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። ግርጌው ተፍቆ ቅርፊቱ ውስጥ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ የሥር አንገት ብስባሽ ነው፤ ቅጠል ላይ የሚረጭ ምንም አይረዳውም። አፈሩ ይገፈፍ፣ ቦይ ይቆፈር።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ጥያቄያችን መቀስ፣ አልኮል፣ ድኝ፣ ኮፐር ሰልፌት፣ ኖራ፣ ዩሪያ፣ የአፍ መሸፈኛና ጓንት ይሁን። ማንኮዜብ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ጸሐፊ፦ እያንዳንዱ አባል የዛፍ ብዛት፣ ዝርያና ያየውን ምልክት እስከ ረቡዕ ይላክልኝ። «ታሟል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀንበጥ ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ፍሬ ላይ ወይስ ግርጌ እንደሆነ ይገለጽ።