አራት ዓመት ሠራሁ፤ ግን የማን ሠራተኛ ነኝ?

ባለመጥረጊያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ። አራት ዓመት አለፈኝ። የቀጠረኝ ግን መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ኤጀንሲ ነው። ዩኒፎርሜ ጀርባ ላይ የኤጀንሲው ስም ተጽፏል። ጠዋት የምፈርመው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ነው። የምታዘኝም የመሥሪያ ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ ናት። የኤጀንሲውን ሱፐርቫይዘር በወር አንዴ ባየው ነው። ደሞዝ ሲዘገይ ስልኩን ያጠፋል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደኔው ወለል የምትወለውል ቋሚ ሠራተኛ አለች። ባልዲ እንዋዋሳለን። እሷ ሕክምና አላት፣ የዓመት ፈቃድ አላት፣ ጭማሪም አላት። የኔ ውል በየስድስት ወሩ ይታደሳል። በታደሰ ቁጥር እንደ አዲስ ገቢ ነው የምቆጠረው።

ባለፈው ወር ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ወገቤን ተጎዳሁ። ኃላፊዋ «ኤጀንሲሽን ጠይቂ» አለችኝ። ኤጀንሲው «አደጋው የደረሰው እነሱ ግቢ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። የዘጠኝ ቀን ደሞዝ ተቆረጠብኝ።

ሌላም አለ። ፋይናንስ ክፍል ሳጸዳ ጠረጴዛ ላይ የኤጀንሲውን የክፍያ መጠየቂያ አየሁ። (ማንበብ አልነበረብኝም፣ አውቃለሁ። ስሜን ሳይ ግን ዓይኔ እምቢ አለ።) በስሜ የሚጠየቀው ገንዘብ እጄ ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይሄ ነገር ልክ ነው?

የድሮ ፔይሮል

አይዞሽ እህቴ። እኔ እንዲህ ያለ ኤጀንሲ ውስጥ ፔይሮል ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ።

ያየሽው ልዩነት ሁሉ ኪስ የሚገባ አይደለም። ታክስ አለ፣ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ አለ፣ ዩኒፎርምና ሳሙና አለ። የተረፈው የኤጀንሲው ነው። ጣጣው የሚመጣው ጨረታው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ይወስዳል። ኤጀንሲው ሳሙናውን በቅናሽ አያገኝም፣ ታክሱንም ማንም አይምረውም። እኛ የምንቀንሰው የናንተን ደሞዝ ነበር። እውነቱ ይሄው ነው።

ደሞዝ ሲዘገይ «ደንበኛው አልከፈለንም» እንል ነበር። ብዙ ጊዜ ውሸት አልነበረም። ግን ያ የኤጀንሲው ራስ ምታት ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳታድሪ አጣሪ። የሚቆረጥብሽ ጡረታ በስምሽ ይገባል? ደሞዝ ወረቀት ላይ መቆረጡ መግባቱን አያሳይም። ጡረታ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ።

ውል አንባቢ

«የማን ሠራተኛ ነኝ» ያልሽው ጥያቄ ብዙ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ግል የሥራ ኤጀንሲዎች የሚናገረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኮንቬንሽን ቁጥር 181ን አወጣ። ኢትዮጵያም በ1999 አጽድቃዋለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንቀጽ 7 በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ላንቺ የሚጠቅመው አንቀጽ 12 ነው። በዝቅተኛ ደሞዝ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ላይ አደጋ ካሳ፣ በወሊድ ጥበቃ ኤጀንሲው የቱ ላይ፣ ተጠቃሚው ድርጅት (ሠራተኛው ሄዶ የሚሠራበት) የቱ ላይ ኃላፊ እንደሆነ አገሮች በሕጋቸው ለይተው እንዲያስቀምጡ ያዛል። አንቺን እንደ ኳስ ያቀባበሉሽ ይሄ መስመር ስለደበዘዘ ነው።

አገሮች የሄዱበት መንገድ ይለያያል። ናሚቢያ በ2007 ሕጓ ሠራተኛ ማከራየትን ጭራሽ ከለከለች፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ክልከላውን ሻረው። ደቡብ አፍሪካ አልከለከለችም። ደሞዙ ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ ሰው ከሦስት ወር በላይ ከሠራ፣ ለሥራ ግንኙነት ሕጉ ሲባል ተጠቃሚው ድርጅት አሠሪው ይሆናል አለች። በ2018 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ትርጉሙን ሲያጠራ «ብቸኛ አሠሪው» እሱ ነው አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ከስድስት ወር የሙከራ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው ቋሚ ስለሚሆን፣ በአምስተኛው ወር ማሰናበት ልማድ ሆነ። ሰዉ ስም ሁሉ አወጣለት፣ «ኤንዶ» ይሉታል። ያንቺ የስድስት ወር እድሳት ዘመዱ ይመስለኛል። እድሳቶቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ሰብስቢያቸው፤ ያልተቋረጠ አገልግሎት መሆኑን የሚያሳዩልሽ እነሱ ናቸው።

ዘበኛው

እኔም በኤጀንሲ ነኝ። ያለ እነሱ ሥራ አላገኝም ነበር፣ ስለዚህ ብዙ አልረግማቸውም። ምክሬ አጭር ነው፦ ያን ወረቀት አየሁ ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ። ነገ «ሰነድ ስትበረብር ተገኘች» ይሉሻል። ስለ ወገብሽ ብቻ አውሪ።

ባለመጥረጊያዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ጡረታ ቢሮ ሄጄ ነበር። ከአራት ዓመት ውስጥ በስሜ የገባው የአሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ብቻሽን አይደለሽም» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ይሁን ልታስፈራኝ አልገባኝም።

ውሎቹን ሰብስቤያለሁ፣ ስምንት ናቸው። አንዱ ላይ ቡና ፈሶበታል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ስወድቅ ስላየችኝ እመሰክርልሻለሁ ብላለች። ሰኞ ደብዳቤ አስገባለሁ። ለማን ብዬ እንደምጽፈው ግን አሁንም ግራ ገብቶኛል። ለሁለቱም ልጻፈው?

ውል አንባቢ

ለሁለቱም። በሁለት ቅጂ አድርጊና ያንቺ ቅጂ ላይ መቀበላቸውን አስፈርሚ።