አውቶማታን ተማሪ ሳይሰለቸው እንዴት ነው የምታስተምሩት?

ጀማሪው_ሌክቸረር፦
ሰላም ቤቶች። ዘንድሮ አውቶማታ (ፊደል በፊደል እያነበቡ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሸጋገሩ የወረቀት ላይ ማሽኖች ኮርስ) ደርሶኛል፣ 3ኛ ዓመት፣ 60 ምናምን ተማሪ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮርሱን በሽምደዳ አልፌ የረሳሁት ነው። ሰሌዳው ላይ ክብና ቀስት ስስል ከኋላ ያለው ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ሥራ ላይ የት ነው የሚገባው?» ይለኛል። ሌላው «ኤግዚት ኤግዛም ላይ ይመጣል?» ነው። ፓምፒንግ ሌማ (እነዚህ ማሽኖች ሊለዩት የማይችሉት ነገር እንዳለ የምናሳይበት ሕግ) ላይ ስደርስማ ግማሹ ስልኩ ላይ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

ቾክ_በእጁ፦
ስልኩን አትቀማቸው፣ በሱ አስተምር። በድምፅ የሚጻፈውን የአማርኛ ኪቦርድ አስከፍታቸው። ኤልን ሲነኩ ል ይመጣል፣ ቀጥለው ዩን ሲነኩ ል ጠፍቶ ሉ ይተካል። ለምን? ኪቦርዱ «አሁን ል ላይ ነኝ» ብሎ የያዘው ነገር ስላለ ነው። ስቴት ማለት ያ ነው በቃ። የለን ቤት ብቻ በወረቀት ይሳሉት፣ ከዚያ በፓይተን ይጻፉት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም ከዚያ በፊት አታንሳ።

ለፓምፒንግ ሌማ 3 ወንበር ይበቃሃል፣ እያንዳንዱ ወንበር አንድ ስቴት ነው። አንድ ተማሪ አንዱ ላይ ይቀመጥ፣ ፊደል በተጠራ ቁጥር ወደፈለገው ይዛወር። 3 ፊደል ሲጠራ 4 ጊዜ ተቀምጧል፣ ወንበሩ ግን 3 ነው፣ ስለዚህ የግድ አንዱ ላይ ተመልሷል። ያንን ዙር አስር ጊዜ ቢደግመውም መጨረሻ የሚቀመጥበት ወንበር ያው ነው። እዚህ ጋ ክፍሉ ዝም ይላል፣ የገባቸው ዝምታ።

ሌሊት_ኮደር፦
«ሥራ ላይ የት ይገባል» ላለው ልጅ የክላውድፍሌርን (የብዙ ድረ ገጾችን ትራፊክ የሚያስተላልፍና የሚጠብቅ ኩባንያ ነው) ንገረው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019 ፋየርዎላቸው ውስጥ የገባች አንዲት ሬጌክስ (ጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን ዓይነት የምትገልጽ ቀመር) የሰርቨሮቻቸውን ሲፒዩ ጨርሳ ስንቱን ድረ ገጽ ለ27 ደቂቃ ያህል ጣለችው። ጥፋቱ ባክትራኪንግ ነው፣ አልገጥም ሲል ወደ ኋላ እየተመለሰ ሌላ አማራጭ መሞከር ማለት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምሰን ሬጌክስን ወደ አውቶማታ ቀይሮ ያለ ባክትራኪንግ የሚያነብበትን መንገድ ያሳተመው በ1968 ነው እንግዲህ!

ላብ ላይ (አ+)+$ የሚለውን በፓይተን ያስሞክሯቸው፣ ብዙ አ ደርድረው መጨረሻው ላይ ! ይጨምሩ። አንድ አ በተጨመረ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። 30 ላይ የላፕቶፑ ፋን መጮኽ ይጀምራል።

እማማ_ሉፕ፦
ሁሉንም «ሥራ ላይ ይጠቅማል» ብሎ መሸጥ ግን አይመቸኝም። አንዳንዱ የሚጥመው ስለሚያናድድ ነው። የተማሪ ኮድ የሚያርም ስክሪፕት ነበረኝ፣ የአንዱ ልጅ ሉፕ አላልቅ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ገትሮት አደረ። በማግስቱ «የትኛውም ኮድ ይቁም አይቁም ቀድሞ የሚለይ ፕሮግራም ላመጣልኝ ኤ» አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ለፉ። የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ በ1936 እንደማይቻል ማረጋገጡን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሊበሉኝ ደረሱ፣ ግን ማረጋገጫውን አንድም ልጅ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

(ስክሪፕቱ ላይ ታይም አውት፣ ማለትም የጊዜ ገደብ፣ ጨምሬበታለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ።)

ጀማሪው_ሌክቸረር፦
ኪቦርዱን ዛሬ ሞከርኩት። መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ እነሱ ግን ስልክ ነበራቸው 😄 እኔ የሳልኩት ከለ እስከ ሎ ነበር። የኋላው ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ ሏ የት ሄደች?» አለና ቾኩን ተቀብሎኝ ራሱ ጨመራት። ሬጌክሱን ለሐሙስ ይዤዋለሁ። እማማ፣ ያንቺን ግን ኤ ሳልሰጥ ነው የምሞክረው።