ሲልቨር ናይትሬት ጨው ሳይነካው ለምን ነጣ? ጣቴስ በምን ይለቃል?

ጥያቄ (ከቢቸና)
እንዴት ሰነበታችሁ። 2ኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የገበታ ጨው ክሎራይድ እንዳለው ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ 1.7 ግራም ሲልቨር ናይትሬት መዘንሁ። በ100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ በጠበጥሁት። ጨው ሳይነካው አጓት መሰለ! ተበላሽቶብኝ ይሆን? ደግሞ ጣቴን ነክቶኝ ነበር፤ ያኔ ምንም አልታየኝም። ጠዋት ስነሳ ጠቁሯል። ባለቤቴ «እንሶስላ ሞቅህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)
መምህር፣ ኬሚካሉ ደህና ነው፤ ጣጣው የውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ አለበት። ከሲልቨሩ ጋር ሲገናኝ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል። ሙከራውን ሳያስቡት ሠርተውታል ማለት ነው።
አይድፉት። በ1 ሊትር ውሃ 35.5 ሚሊ ግራም ክሎራይድ ቢኖር፣ የሚበላብዎ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ጨለማ ቦታ ይደርና በማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉት። ለማሳያ ይበቃል፤ ለታይትሬሽን (በብጥብጥ መጠንን ለመለካት) ግን አይሆንም፣ መጠኑ ተዛንፏል። ቡናማ ጠርሙስ ከሌለ በጥቁር ፌስታል ይጠቅልሉት። ብርሃን ያጠቁረዋል። ጣትዎም የጠቆረው በዚሁ ነው።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)
ወንድሜ፣ የተጣራ ውሃ ካጣህ መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ አለልህ። ጣትህን በበረኪና እሸው።

መልስ (ከባሕር ዳር፣ የላብራቶሪ ባለሙያ)
ኧረ በረኪናው ይቅር! ቆዳ ይልጣል፤ አሞኒያ ካገኘ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጥቁረቱ ቆዳው ሲታደስ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይሄዳል። በባትሪ ውሃው እስማማለሁ፣ አሲዱን እንዳይሰጡህ ብቻ። መጀመሪያ ትንሽ ቀድተህ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርግበት። ጥርት እንዳለ ከቀረ ይሆናል።
እኔን የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። ጓንትና መነጽር አይለይህ። ዓይን ከገባ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ አጥበህ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ነጩ ዝቃጭ በአሞኒያ ሲሟሟ ካሳየህ ደግሞ ያን ብጥብጥ አታሳድረው፤ ሲቆይ የሚፈነዳ ነገር ይወጣዋል። እዚያው በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግደለው። የተረፈህን ሲልቨር ናይትሬት በጨው አዝቅጠህ ዝቃጩን ለብቻ አኑር፤ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም።

ጠያቂው
አጥልዬው ጠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ መጀመሪያ የማሳያቸው የቧንቧውን ውሃ ነው። እሑድ ሠርግ አለብኝ፤ ከነእንሶስላዬ መሄዴ ነው።