ሦስት አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ ሲያቅዱ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ፦ ሦስት አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች ነዋሪውን ያሳተፈ የጋራ ዕቅድ ሊያዘጋጁ ነው። አንድ ወንዝና አንድ ዋና መንገድ ይጋራሉ። ከካርታው ይጀመር ወይስ ከሕዝብ ውይይቱ?

መልስ 1፦ ከሁለቱም በፊት የስምምነት ሰነድ ይቅደም። ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ አንዱ መሀል ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆን፣ ወጪው በምን ቀመር እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። ግማሹ እኩል፣ ግማሹ በሕዝብ ብዛት ቢሆን ትንሹም አይከብደው፣ ትልቁም ብቻውን አይሸከም። ደግሞ ሦስቱም ምክር ቤቶች ያጽድቁት፤ በከንቲባዎች ፊርማ ብቻ የቆመ ስምምነት ሰው ሲቀየር በቀላሉ ይፈርሳል።

መልስ 2፦ ትክክል። ካርታው ላይም አንድ የጋራ የመሬት አጠቃቀም መለያ ይመረጥ፤ አለበለዚያ የአንዱ «ቅይጥ» (መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት) የሌላው «መኖሪያ» ይሆንና ወሰኑ ላይ ይጋጫል። የጎርፉ ጥናት መላውን ተፋሰስ ይያዝ፤ በወንዙ ላይኛው በኩል ያለው ማዘጋጃ ቤት አስፋልት ባነጠፈ ቁጥር ውኃው መሬት ውስጥ ስለማይሰርግ ወደ ታችኛው ይበረታል።

መልስ 3፦ ለውይይቱ በአንድ ጠረጴዛ ከ8 እስከ 10 ሰው፣ ከሦስቱም ተቀላቅሎ ይቀመጥ። ሁሉም ከራሱ ወገን ጋር ከተቀመጠ ክርክሩ የወሰን ይሆናል። አወያዩና ቃለ ጉባኤ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የትኛው ሐሳብ እንደተወሰደ፣ የትኛው እንደቀረ ከነምክንያቱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለጠፍ። ይህ ከቀረ ለሁለተኛው ስብሰባ የሚመጣ አይገኝም።