ልጆች ይዞ ስታዲየም መግባት፦ ስድቡን፣ ውርወራውንና ግፊያውን እንዴት እንወጣው?

ጥያቄ፦ የፒያሳዋ እናት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ዓመት ወንድና የ11 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ኳስ ካላሳየሽን ብለው ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። አባታቸው ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ስላለ ይዣቸው የምገባው እኔ ነኝ። የሚያሳስበኝ ኳሱ ሳይሆን ሰዉ ነው። በዳኛ እናት ላይ የሚወርደው ስድብ አለ፣ የውሃ ፕላስቲክ ውርወራ አለ፣ ጠጥቶ የሚገባው አለ፣ ሲወጣ ደግሞ ግፊያው። የት ልቀመጥ? ከኋላዬ ያለው ሲሳደብ ምን ልበለው? መቼ ልውጣ? አቤቱታስ ለማን ነው የሚቀርበው? ምክርና ተግሣጹ ይቆየኝና የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

መልስ፦ ጦሳ ሥር (ደጋፊ አስተባባሪ)

አብሽሪ እህቴ፣ የችግሩ አብዛኛው በመቀመጫ ምርጫ ያልቃል።

ከጎል ጀርባ አትቀመጪ። ከበሮውና አስጨፋሪው ያሉት እዚያ ነው፤ ሰዉ ቆሞ ስለሚያይ ልጆቹ የሚያዩት ጀርባ ብቻ ይሆናል። ከአጥሩ ሥር የመጀመሪያዎቹን ረድፎችም ተይው። ቅርብ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፣ ነገር ግን ከላይ ወደ ዳኛ የሚወረወር ፕላስቲክ አብዛኛው ሜዳ ሳይደርስ የሚያርፈው እዚያው የተቀመጠው ሰው ራስ ላይ ነው። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ከሚቀመጥበት ክፍልም ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍል ራቂ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። የመስመር ዳኛ የሚሮጠው ከመሃል መስመር እስከ አንዱ ማዕዘን ብቻ ነው፤ ሌላኛው ዳኛ ደግሞ በማዶ በኩል ተቃራኒውን ግማሽ ይይዛል። ስለዚህ በየትኛውም በኩል ብትቀመጪ የመስመሩ ግማሽ ዳኛ አይሮጥበትም። ስድቡም ውርወራውም ዳኛውን ተከትሎ ስለሚሄድ ባዶው ግማሽ ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእረፍት በኋላም ቦታ አይቀያየሩም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ባንዲራ የያዘው ወዴት እንደቆመ አይተሽ ተቀመጪ። የተጠባባቂ ወንበሮቹና አራተኛው ዳኛ ያሉበት መሃል ላይም አሰልጣኝ የሚሰደብበት ስለሆነ ከሱ ፈንጠር በይ።

ከፍታው መካከለኛ ይሁን። መተላለፊያው ዳር ተቀመጪና ልጆቹን ወደ ውስጥ፣ አንቺ ወደ መተላለፊያው ሁኚ። በር ቅርብ መሆን ጥሩ ነው፣ በሩ አፍ ላይ ግን አይሆንም፤ ሲገባም ሲወጣም የሚገፋው እዚያ ነው። ጥላ ፎቅ (ጣሪያ ያለው መቀመጫ) ትኬቱ ትንሽ ይወደዳል፣ ለልጅ ግን ያዋጣል። ሽማግሌዎችና ቤተሰብ የያዙ ሰዎች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ ከሽማግሌ አጠገብ የተቀመጠ ጎረምሳ ደግሞ አፉን ይሰበስባል።

ሰዓት። ጨዋታው 9 ሰዓት ከሆነ 8 ሰዓት ላይ ግቢ። በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች የሚመጣው ከመጠጥ ቤት የተነሳው ነው፤ በሩ ላይ ተጨናንቆ የሚጋፋውም እሱ ነው። በነገራችን ላይ የመረቀነና የሰከረ አንድ አይደሉም። የመረቀነው 90 ደቂቃ ሙሉ ታክቲክ ሲተነትንልሽ ያደክምሻል እንጂ አይጎዳሽም። ከሰከረው ነው ቦታ መቀየር ያለብሽ።

ተሳዳቢውን በተመለከተ፦ ጮክ ብለሽ "አትሳደብ!" አትበይው። ሰው ፊት ከገሠጽሽው እልህ ይይዘውና ስድቡ ወዳንቺ ይዞራል። ኳስ ወጥታ ጨዋታው ሲቆም ዞር በይና በዝግታ "ወንድሜ፣ ልጆች ይዣለሁ፣ በናትህ ትንሽ ቀነስ አድርግልኝ" በይው። በዕድሜ ከበለጠሽ "ጋሼ" ብለሽ አንቱታውን አትርሺ። ብዙው ያፍርና ይተዋል። ካልተወ ሁለተኛ አትናገሪው፣ አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ ንገሪ። ሦስተኛው መንገድ ለደጋፊ ማኅበር አስተባባሪ መንገር ነው፤ ቲሸርቱ ወይም ሰደርያው ያስታውቃል። ለአስተባባሪ ስትነግሪ "ነውር ነው" ከማለት ይልቅ "ክለቡን ያስቀጣል" በይ። እውነትም ያስቀጣል፣ ከታች ያሉት ያብራሩልሻል።

ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ስድብ በቡድን መዘመር ከጀመረ ግን ማንንም አትለምኚ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። እሱ ከአፍ ስድብ ወደ ድንጋይ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

መልስ፦ ፊሽካ (ዳኝነት ላይ ያለ)

የጦሳ ሥር የመስመር ዳኛ ነገር ልክ ነው፤ እኛ ነን የምንሰደበው፣ እናውቀዋለን።

ስለ አቤቱታ፦ ዋናው ዳኛ የአንድ ተመልካችን ስድብ አቁሞ አያይም። የሚጽፈው ጨዋታውን እንዲከታተል የሚመደበው የጨዋታ ኮሚሽነር ነው፤ ክቡር ትሪቡን (የክብር እንግዶች መቀመጫ) አካባቢ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። በፊፋ የሥነ ሥርዓት ሕግ ክለብ ለደጋፊው ጠባይ ተጠያቂ ነው፣ የአገር ፌዴሬሽኖችም በዚሁ መንገድ ይቀጣሉ። የገንዘብ ቅጣት አለ፣ ከሜዳ ውጭ ወይም በዝግ ስታዲየም መጫወት አለ። ስለዚህ አስተባባሪው የኮሚሽነሩን ሪፖርት ይፈራል። ለሱ ስትነግሪው የክፍሉን ቦታ፣ ረድፉን፣ የልብሱን ቀለምና ደቂቃውን ጥቀሺ። "እዚያ ጋ ይሳደባሉ" የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። ተሳዳቢውን በስልክ አትቅረጪው፣ ጠቡን ወደራስሽ ታመጪዋለሽ።

ዘረኛ ስድብ ሲሆን የፊፋ ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጨዋታው ቆሞ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ቀጥሎ ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ። በመጨረሻ ጨዋታው ይቋረጣል። ከ2024 ጀምሮ ተጫዋች ሁለት እጁን አንጓው ላይ አጣምሮ ለዳኛው ምልክት መስጠት ይችላል። ልጆች ለያዙ ሰዎች ሁለተኛው ደረጃ የመውጫ ደወል ነው፤ ሜዳው ባዶ ሲሆን ሰዉ መነሳት ይጀምራልና ቀድሞ መንቀሳቀስ ነው።

ቅጣት ባለበት ልጅና እናት እንዴት እንደገቡ ልጨምር። የቱርኩ ክለብ ፌነርባቼ በደጋፊው ጥፋት ከተቀጣ በኋላ በመስከረም 2011 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከማኒሳስፖር ጋር ሲጫወት ወንድ አዋቂ ተከልክሎ ሴቶችና ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ በነጻ ገቡ። ከ41 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ስታዲየም ያለ ስድብም ይሞላል ማለት ነው።

መልስ፦ ነጭ ጋውን (ነርስ)

እኔ የምጨምረው ስለ ግፊያው ነው፤ ከስድቡ ይልቅ ሰው የሚጎዳው እሱ ነው።

የፍጻሜው ፊሽካ ሲነፋ ከሁሉም ጋር አትውጪ። ወይ 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ውጪ፣ ወይ ከፊሽካው በኋላ 20 ደቂቃ ተቀምጠሽ ጠብቂ። መሃሉ መጥፎው ሰዓት ነው። እንግዳው እየመራ ከሆነ ወይም ቀይ ካርድና ፍጹም ቅጣት ምት ሰዉን ካናደደው የመጀመሪያውን ምረጪ።

በአንድ ካሬ ሜትር 5 ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው ይጀምራል፤ ይበልጥ ሲጠብቅ ሰው በራሱ እግር መሄድ አቁሞ ሕዝቡ ይወስደዋል። ምልክቱ ትከሻሽ ከሁለት በኩል መነካቱና እጅሽን ወደ ፊትሽ ማንሳት መቸገርሽ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት ወደ ጎን ውጪ። ከገባሽበት ደግሞ ትንሹን አንሥተሽ ደረትሽ ላይ እቀፊው፣ ትከሻ ላይ አታስቀምጪው፤ ሚዛንሽን ያስትሻል። ትልቋ ከፊትሽ ትሁን፣ ሁለት እጇን እንደ ቦክሰኛ ደረቷ ላይ አድርጋ የመተንፈሻ ቦታ ትያዝ። ሕዝቡን ተጋፍተሽ ወደ ኋላ አትመለሺ፤ ግፊያው ፋታ ሲሰጥ በሰያፍ ወደ ዳር ሂጂ። ጫማ ቢወልቅ፣ ስልክ ቢወድቅ ጎንበስ አይባልም። ይህን ለልጆቹ ቤት ሆናችሁ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልጅ የወደቀ ነገር ለማንሳት ይጎነበሳል።

አስለቃሽ ጋዝ በፊፋ የስታዲየም ደህንነት ደንብ የተከለከለ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በ2022 ካንጁሩሃን ስታዲየም ላይ ተተኩሶ ሰዉ ወደ መውጫዎቹ ሲሸሽ በመታፈን 135 ሰዎች ሞተዋል፣ ልጆችም ነበሩባቸው። ካጋጠመሽ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሂጂ፣ ዓይን አይታሽ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ ቤት ስትደርሱ ልብሱ ይቀየር።

ጆሮን ሰው ይረሳል። በሥራ ቦታ ደህንነት መለኪያ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ይፈቀዳል፣ 100 ዴሲቤል ከሆነ ግን 15 ደቂቃ ብቻ። ጡሩምባና ርችት አጠገብ ለተቀመጠ ልጅ ጥጥ ብዙ አይረዳም፤ ግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የጆሮ መከለያ ይሻላል።

ስልክሽ ላይ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 991 (ፖሊስ) ይመዝገቡ።

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በሁሉም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የ8 ዓመት ልጅ ለደርቢ (የተቀናቃኝ ጎረቤት ክለቦች ጨዋታ) ወይም ወራጅ ለሚለይበት ጨዋታ አይወሰድም፤ የትም ብትቀመጪ። መጀመሪያ የወጣቶች ወይም የሴቶች ጨዋታ አሳዪው። ሰዉ ጥቂት ነው፣ ድምፁም ይለመዳል።

ክለቡን ተከትላችሁ ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነም በደጋፊ አውቶቡስ አትሂዱ። ድንጋይ የሚወረወረው የክለቡን ባንዲራ ያንጠለጠለ መኪና ላይ ነው። ተራ ሚኒባስ ይሻላል፣ ማሊያው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ልጆቹ በመስኮት በኩል አይቀመጡ። ወልድያ ከሄዳችሁ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ሰው ስለሚይዝ ለልጅ ሰፊ ነው። ግን ሰፊ ሲሆን ልጅ ይጠፋል። ጠዋት በለበሱት ልብስ ፎቶ አንሻቸው፣ የስልክ ቁጥርሽን በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ከእጅጌ ሥር ጻፊ። ስማቸውን ውጭ አትጻፊ፤ ስሙን የጠራውን ሁሉ ልጅ ያምነዋል። የመገናኛ ቦታ ስትመርጪ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፤ ሱቅ በደረቴውም የቆመ ባጃጅም ቦታ ይቀይራል።

መልስ፦ የኔታ (መምህር)

ስድቡን ሰምተው ቤት ሲደግሙት አትሳቁ። ልጅ የሚይዘው ሰው የሳቀበትን ቃል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት "ስድብ ትሰማላችሁ፤ እኛ የምንጮኸው የተጫዋች ስም ለመጥራትና ጎል ሲገባ ብቻ ነው" ብለሽ ቁረጪው። ስትመለሱም ምን ሰማችሁ ብለሽ ጠይቂ። ትርጉሙን ለጠየቀሽ "ሰው እናት ላይ የሚባል ክፉ ቃል ነው" በቂ ነው፣ ዝርዝሩ አያስፈልግም። ትልቋ ሴት ልጅሽ ላይ የሚወረወር የለከፋ ቃል ካለ እንድትነግርሽ ምልክት አስተምሪያት፣ ለምሳሌ እጅሽን ሁለት ጊዜ ጫን ማድረግ። ያን ምልክት ስታገኚ ለምን ሳትዪ ቦታ ቀይሩ።

የፒያሳዋ እናት

እድሜ ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከ10 ሰዓት በኋላ እዚህ ብርዱ ይበረታል፣ ዝናብም አለ፤ ጃንጥላ ያስገባሉ? ውሃስ?

ጦሳ ሥር

ጫፉ የሾለ ጃንጥላ በር ላይ ይቀራል፣ ቢገባም ከኋላ ያለውን ስለሚጋርድ ራሱ ጠብ ያመጣል። ለእያንዳንዳቸው ኮፍያ ያለው የላስቲክ ዝናብ ልብስና ከሥሩ ሹራብ ይበቃል፤ ለአንቺ ጋቢ። ውሃ ያዢ፣ ስትገቢ ግን ክዳኑን ጣይውና ግማሹን አጠጫቸው። ክዳን የሌለው ፕላስቲክ ሲወረወር ውሃውን እያፈሰሰ ይሄዳል፣ ሩቅም አይደርስም፣ ማንም አይጠይቅሽም። የተዘጋ ግማሽ ሊትር ግን ግማሽ ኪሎ ነው።